በራሴ ላይ የጠራሁት ዋስ

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግረሽ ላለሽው ለታላቅ እህቴ ለእየሩስ፤

የጽጌዋ እመቤት ባለሽበት በጤና ታቆይሽ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስል እንደ ወትሮው ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ እኔ ከተወለድኩ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም። ገብሱ ዝናብ አጥሮት ቀጥኗል፣ ግድ የለም። አዛለች ደህና ናት። ልጃችን ወሰንየለሽ ፊደል ለይታለች፤ ድምፅም አላት።

ይህን የምጽፍልሽ ከቅዳሴ መልስ ነው። እንደምታውቂው ዘመነ ጽጌ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት እንቆማለን። ዛሬ ጠዋት ሌሎቹ ካህናት ቤታቸው ሄደው ወደቁ። እኔ አልተኛሁም። ያለፈው ሳምንትም አልተኛሁም። በመካከሉም ብዙ አልተኛሁም። እንቅልፍ የሚባለው ነገር ለካ ልማድ ኖሯል። ድካም ሲመጣ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም። ዛሬ ሌሊት ጸናጽሉን ሳነሣ ድምፁ ከገደሉ ማዶ ሲደርስ አየሁት። ሰማሁት አላልኩሽም። አየሁት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የወሉ የሣር መሬታችን ጓሳ ላይ የዜማ ትምህርት ቤት እከፍታለሁ። ከፍታው፣ ብርዱ፣ ጸጥታው፣ ለዜማ የተፈጠረ ቦታ ነው፤ እስከዛሬ ማንም ያላሰበው ለምን እንደሆነ ይገርመኛል። ተማሪ ከግሼ ይመጣል፣ ከመርሐቤቴ ይመጣል፣ ከጎንደር ሳይቀር ይመጣል። ለዚህ ድምፅ ማጉያ ያስፈልገኛል፤ በባትሪ የሚሠራውን ላኪልኝ። ሁለት ላኪ። ዣንጥላም፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ አርባ። እዚያ አገር ጨርቁ ጥሩ ነው ይባላል። ደግሞ ለአዛለች ጫማ።

አዛለች አኩርፋለች። ባናዋን ለአንድ የቆሎ ተማሪ ስለሰጠሁባት ነው። ልጁ በርዶት ነበር። እሷ ሌላ ትሠራለች፣ ጸጉሩ ከበጎቹ ላይ ነው። በጎቹም ቢሆኑ ሁሉም አያስፈልጉንም፤ ከፊሉን አድዬአለሁ።

የድንበር ጎረቤታችንን በኃይሉን ታስታውሽዋለሽ፤ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው። ትናንት መጥቶ፣ «ወልዴ፣ እባክህ ተኛ» አለኝ።

«ተኛ ብሎ ነገር ምንድነው? በሬ ነኝ?» አልኩት።

«በሬስ ይተኛል» አለኝ።

ሳቅሁበት። አሁንም ስጽፈው እየሳቅሁ ነው። ወረቀቱ አለቀ፤ ዳር ዳሩ ላይ የጻፍኩትን ወረቀቱን እያዞርሽ አንብቢው። ብዙ አለኝ።

ወንድምሽ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ወዳጆ


ቤይሩት፣ ኅዳር 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሪጌታ ወልደ ጻድቅ፤

እግዚአብሔር አንተንም ቤትህንም ይጠብቅ። እኔ በጤና አለሁ። አዛለችንና ወሰንየለሽን ሰላም በልልኝ፤ አንዷ ሌላዋን ትሳምልኝ።

ደብዳቤህን እያዞርኩ አነበብኩት። የጻፍከውን ሁሉ አገኘሁት ማለት አልችልም፤ ጥጉ ላይ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተደራርበዋል። ድምፅ ማጉያውን አልገዛሁም። ዣንጥላውንም። ቆጥቤ አይደለም።

የምሠራበትን ቤት ነግሬህ አላውቅም። ሁላችሁም ወጥ የምሠራና ወለል የምጠርግ ይመስላችኋል፤ ለዚያ ሌላ ሴት አለች። እኔ የተቀጠርኩት የቤቱን እመቤት የማዳምን እንቅልፍ ልጠብቅ ነው። ክፍሏ ውስጥ እተኛለሁ፤ ጠዋት ልጇ ይጠይቀኛል፤ እንዴት እንዳደረች እነግረዋለሁ። ሥራው ይኸው ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ሰው እንቅልፍ ለመጠበቅ ይከፈለዋል ወይ ብዬ።

በኋላ ገባኝ። እንቅልፏ ማጠር ሲጀምር ማዳም ትደሰታለች። ቆንጆ ትሆናለች። ትዘፍናለች፣ ስልክ ትደውላለች፣ የአንገቷን ወርቅ አውልቃ ለበረኛው ትሰጣለች። እኔንም ትስመኛለች፣ ልጄ ነሽ ትለኛለች። ያን ጊዜ ወደደችኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የከለከላትን ሁሉ መሳደብ ይመጣል። ከዚያ አልጋ ላይ ትወድቅና ለወራት ቀና አትልም። ሕመም ነው አሉኝ። ስም አለው፣ መድኃኒት አለው።

ምንም አላልኩህም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን መልስልኝ። ትተኛለህ ወይ?

አዛለች የምትለው ካላት ጽፈህ ላክልኝ። እሷ እንዳለችው ጻፈው፣ ሳታሳምረው።

እህትህ እየሩስ


መሐል ሜዳ፣ የካቲት 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእየሩስ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል።

ትተኛለህ ወይ ብለሻል። አሁን እተኛለሁ። ከመተኛት በቀር የምሠራው የለም። ይህንን ለመጻፍ ብዙ ቀን አስቤ ነው የተነሣሁት።

የሆነውን ልንገርሽ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ይሻላል።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ማስታወቂያ ለመስማት ቆሞ ሳለ፣ ደረጃው ላይ ወጣሁና፣ «ጓሳው ተከፍቷል፤ ነገ በማለዳ ማጭድ ይዛችሁ ውጡ» አልኩ። አልተከፈተም ነበር። የሚከፈትበትን ዓመት የሚወስነው የጓሳው ኮሚቴ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን እኔ የማውቀው ከዚያ በላይ ነበር። ሣሩ የሚያናግረኝ ይመስለኝ ነበር።

ማን ነገረህ ያለኝ የለም። ይሄ ነው እስከዛሬ የሚከነክነኝ። ከብቱ ርቦታል፣ የቤቱ ክዳን ያፈስሳል፣ መሪጌታ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ተናግሯል። ለምን ይጠይቁ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ ወጣ። ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ጓሳ ነው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። እያጨዱ ሳለ ጠባቂዎቹ መጡ። ማጭዱን ሰበሰቡ፣ አህያውን ነዱ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቅጣት ጣሉ። ሰዎቹ ወደ እኔ ዞረው አዩ። እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ እዘምር ነበር።

ከዚያ ጎረቤቶቼ አስረው ጠበል ወሰዱኝ። አልቀየምኳቸውም። ጠበሉ ይቀዘቅዛል። ሌላ የምለው የለኝም። አንድ ጠዋት ያ ሁሉ ነገር እንደ ጉም ለቀቀኝና ራሴን እዚያው ድንጋዩ ላይ አገኘሁት።

አዛለች ልጄን ይዛ ራቤል ወዳለው አባቷ ቤት ሄዳለች። «እንዳለችው ጻፈው» ብለሻል። ስትወጣ ያለችው፣ «የምፈራው ሲያዝን አይደለም። ደስ ሲለው ነው» ነው። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለበኃይሉ ነው።

ከማኅሌት አልታገድኩም። ለጥምቀት ስሄድ ግን የምቆምበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አየሁ። ወደ ኋላ ሄጄ ከግድግዳው ተጠጋሁ።

የምጠይቅሽ ነገር የለም።

ወልደ ጻድቅ


ቤይሩት፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማከብርህ ወንድሜ፤

ጌታ ቀና ያድርግህ። በዚህ ጾም መጨረሻ ደብዳቤዬ ደህና ያግኝህ።

የምጠይቅሽ የለም ያልከኝ ከአርባው ዣንጥላ ይልቅ አስፈራኝ። ስለዚህ እኔ ልጠይቅህ፤ በግልጽ ስለምጠይቅህ አትቀየመኝ። መሞት ታስባለህ ወይ? ካሰብክ ዛሬውኑ ለበኃይሉ ንገረው። የእኔን መልስ አትጠብቅ፤ የእኔ መልስ ወር ይፈጃል። በኃይሉ ግን አጥር ማዶ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ስለ አባታችን። አንተ ገና ታዝለህ ነበር። የወዳጆ ድግስ እየተባለ እስከዛሬ የሚወራውን ታውቃለህ፤ አንድ በዓል ላይ ያለ የሌለ በጉን አርዶ አገር ያበላበትን። ደግ ሰው ነበር ይላሉ። ሲነገርህም አንገትህ ቀና ሲል አይቻለሁ። እኔ ያየሁት ከድግሱ በኋላ ያለውን ነው። እናታችን ባዶው ጋጣ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር፤ ምን ትፈልጊያለሽ ስላት፣ «ሽታቸውን» አለችኝ። አባታችን እስከ ፋሲካ ከመደቡ አልተነሣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ለሰው፣ ምች መታው ይባል ነበር።

ያ የደገሰው ሰውና ያ የተኛው ሰው ለእኔ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንድ መሆናቸውን ያወቅሁት እዚህ፣ ማዳምን ሳይ ነው። በቤተሰብ ይመጣል ይላሉ። ሁሉም ላይ አይመጣም። እኔም ደስ ሲለኝ ሰዓት አያለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የአእምሮ ሕመም የሚያክሙ ነርሶች አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሂድ። ብቻህን አትሂድ፤ ያየህን ሰው ይዘህ ሂድ፤ አንተ የማታስታውሰውን እሱ ይናገራል። ጠበሉን ተው አላልኩህም። ጠበሉም ክኒኑም የእግዚአብሔር ናቸው።

ማዳም የምትውጠው ሊቲየም የሚባል መድኃኒት ነው። ቆጥቤ ልልክልህ አስቤ ሐኪሟን ጠየቅሁት። ተቆጣኝ። ደም እየተመረመረ፣ መጠኑ እየታየ የሚወሰድ ነው፤ ያለዚያ ይመርዛል አለኝ። ስለዚህ አልላክሁም። እዚያ ያሉት የሚሰጡህን ውሰድ።

እየሩስ


መሐል ሜዳ፣ ሰኔ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

ጤናሽ ይብዛ። ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ አስቤ ነበር። ለበኃይሉ ነገርኩት። ማታ በጉን እየነዳ መጥቶ፣ «ጋጣዬ አፍስሷል፣ እዚህ ይደሩ» ብሎ ራሱም አብሮ አደረ። ሳምንቱን ሙሉ አደረ። ጋጣው አላፈሰሰም፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ወሰደኝ። የተቀበለችን ነርስ ሲስተር ጌታነሽ ትባላለች። ከእኔ ይልቅ በኃይሉን ብዙ ጠየቀችው፤ እሱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ብዙ ተናገረ። በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ መቼ ይጀምርሃል?»

«ጥቅምት ላይ።»

«ጥቅምት ላይ ምን አለ?»

«ጽጌ ነዋ።»

«ጽጌ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ማኅሌት እቆማለሁ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ሌሊቱን ነዋ፣ ሲስተር። ማኅሌት በቀን አለ እንዴ?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሕመሙ ባይፖላር ይባላል አለችኝ። አንዴ ከልክ በላይ ከፍ ያደርጋል፣ አንዴ ከልክ በታች ይጥላል፤ በመካከሉ ሰው ደህና ነው። እንቅልፍ ማጣት ለከፍታው በር ይከፍትለታል። ለሌላ ሰው አንድ ሌሊት መቆም ድካም ነው፤ ለእኔ ክብሪት ነው።

«እና ማኅሌቱን ልተወው?» አልኳት።

«እኔ የደብር አለቃ አይደለሁም» አለችኝ። «የማውቀውን ነገርኩህ። ክኒኑን በየቀኑ ትውጣለህ። ስትድንም ትውጣለህ። ዳንኩ ብለህ የምትተወው ቀን፣ ያ ራሱ ሕመሙ ነው።»

ማታ ማታ ነው የምውጠው፣ ጾሙም አይነካም። የደብራችን ቄስ አስፋው ደግሞ፣ «መድኃኒት እንጀራ አይደለም፣ ቀንም ቢሆን ጾም አይሽርም» ብለውኛል። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አፌ ይደርቃል። ዜማ ላይ ድምፄ እንደ ድሮው አይወጣም፤ ወይም ለእኔ ብቻ ነው እንደዚያ የሚመስለኝ።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ሽማግሌ ይዤ ራቤል ሄጄ ነበር። የአዛለች አባት አቶ ታዲዮስ፣ «ልጄን የምሰጥህ ሁለተኛ እንዳይደግምህ ዋስ ስትጠራ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። አይደግመኝም ብዬ ቃል ሰጠሁ፤ በኃይሉን ዋስ ጠራሁ። እሱም፣ «ዋስ ነኝ» አለ። አዛለች ተመልሳለች። ወሰንየለሽ ከፍ ብላለች። ከእኔ ጋር ግን ስታወራ መጀመሪያ ፊቴን ታያለች።

ወንድምሽ ወልደ ጻድቅ


ቤይሩት፣ ሐምሌ 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወልደ ጻድቅ፤

እመቤታችን ቤትህን ታጽናልህ። አዛለች በመመለሷ አለቀስኩ። ማዳም፣ ማን ሞተብሽ አለችኝ።

ደስታዬን ጨርሼ ሳልደሰት ግን ዋሱ ላይ ደረስኩ። ወንድሜ፣ አይደግመኝም ብለህ ቃል የሰጠኸው ማንን ተማምነህ ነው? ሰው በሚያዘው ነገር ዋስ ይጠራል። ላሜ እርሻህ ውስጥ አትገባም ብሎ ዋስ ይጠራል። በረዶ አይወርድም ብሎ ዋስ የጠራ ሰው ሰምተሃል?

ነርሷ ይመለሳል አላለችህም፤ አይመለስምም አላለችህም። ማዳም መድኃኒቷን ሳታጓድል ተመልሶባት አይቻለሁ፤ ያነሰ ሆኖ፣ ያጠረ ሆኖ፣ ግን ተመልሶ። ቢመለስብህ አንተ ቃል አፍራሽ፣ በኃይሉ ባለዕዳ ልትሆኑ፣ አዛለችም ወደ ራቤል ልትመለስ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ቃልህ እንዳይፈርስ ብለህ ትደብቀዋለህ። ሳትተኛ ተኛሁ ትላለህ።

እዚህ የሚያደርጉትን ልንገርህ። ማዳም ደህና ስትሆን ልጆቿን ሰብስባ፣ እንዲህ ስሆን እንዲህ አድርጉኝ ብላ ተናግራለች። የመኪናውን ቁልፍ ልጇ ይይዛል። ሐኪም ቤት አልሄድም ብትል እንኳ ይወስዷታል። ደህና ሆና የተናገረችው፣ ታማ የምትናገረውን ይሽረዋል። ሕጋቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የቤታቸው ሕግ ግን ነው።

አይመጣም ብለህ ሳይሆን ሲመጣ እንዲህ ይደረግብኝ ብለህ ዋስ መጥራት አይቻልም? እኔ የአገሩን ወግ ረስቼ ይሆናል። ሽማግሌዎቹን ጠይቃቸው።

እየሩስ


መሐል ሜዳ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእየሩስ፣ ዘመኑን በሰላም ያሻግርሽ፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ተቆጣሁ። ቀድጄ ልጥለውም ነበር። ለአዛለች ሳነብላት ግን፣ «እኔም ይህንኑ ነበር የምፈራው» አለችኝ። ፈርታ ለምን እንደተመለሰች አልጠየቅኋትም። ተነሣንና ዝናቡ ላይ ራቤል ሄድን፤ እኔ፣ እሷ፣ በኃይሉና ቄስ አስፋው።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጉዳዬን ተናገርኩ። አንደኛው፣ በራቤል የታወቁ ዳኛ ናቸው፣ «እስቲ እንለየው፤ ከሳሽ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ተከሳሽስ?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ራስህን ሳምና በልተን እንሂድ።»

ቤቱ ሳቀ። አዛለች አልሳቀችም። እኔ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ እንቅልፌ ካጠረ አዛለች ለበኃይሉ ትንገር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሱ የበኃይሉ ይሁን፣ የጎተራው ቁልፍ የአዛለች ይሁን፤ በቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ የምናገረውን ማንም አይስማ፣ ቄስ አስፋው ያስወርዱኝ፤ ደብረ ብርሃን ይውሰዱኝ። እምቢ ብል እምቢታዬ አይቆጠር አልኩ።

«ይሄስ አይሆንም» አሉ አቶ ታዲዮስ። «ሰው በቁሙ ቃሉ አይቆጠር ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ደግሞስ በሳቀ ቁጥር ልታስሩት ነው? ሰው አይደሰትም?»

ይህን የምፈራውን ነው የተናገሩት። ልክ ናቸው። ባለፈው ሰሞን ከበኃይሉ ጋር በአጥር ተጨቃጭቀን፣ ድምፄን ከፍ ሳደርግበት፣ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» አለኝ። «ጠግቤ ነው የተኛሁት። አጥሩም የእኔ ነው» አልኩት። አጥሩ ተመለሰልኝ። ግን ከእንግዲህ የምቆጣው ቁጣ ሁሉ እንዲህ ሊመረመር ነው።

አዛለች ከጓዳ ወጥታ ተናገረች። «አባቴ፣ ሳቁን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «ሁለቱንም ሳቅ።»

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ዳኛው ወደ በኃይሉ ዞሩ። «ይኸ ሰው ነገ ይሰድብሃል፣ ሌባ ይልሃል፣ ፈረሴን ቀማኝ ይልሃል። የምትዋሰው ለዚህ ነው። ገብቶሃል?»

«አሁንም ይሰድበኛል» አለ በኃይሉ።

የቀድሞው ዋስ ተነሣ፣ አዲሱ ታሰረ። ቄስ አስፋው ደግሞ ለማኅሌቱ አንድ መላ አመጡ፤ ዘንድሮ ጽጌን ሌሊት አልቆምም። ቀን ቀን ተማሪዎቼን አስጠናለሁ፤ ቅዳሜ ተኝቼ ሊነጋጋ ሲል ለቅዳሴ እመጣለሁ። አባቴ የቆመበት፣ እኔ ከልጅነቴ የቆምኩበት ቦታ ነው። እሺ አልኩ። ቀላል አስመስዬ ነው ያልኩት።

ወልደ ጻድቅ


ቤይሩት፣ ጥቅምት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልህ። አጭር ነው የምጽፍልህ፤ ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም። የሥራ ነው፣ አትስጋ። ማዳም ታመመች።

ሁለተኛውን ሌሊት ለልጇ ነገርኩት። እሷ ስትሰማ በጥፊ መታችኝ። ሰላይ አለችኝ፣ ሌላም አለችኝ። መድኃኒቱ ተጨመረላት፣ ስልኩ ተወሰደ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ ሰው እንዳይመጣባት ተደረገ። ክርክር አትግጠሟት ተባልን፤ በለሆሳስ እየተናገርን፣ ያው መልስ እየደጋገምን። ዛሬ ሐኪም ቤት ሳትገባ በረድ ብላለች። አላመሰገነችኝም። ቀና ብላም አላየችኝም።

በዚህ ሁሉ መካከል የማስበው በኃይሉን ነው። ለእኔ ይከፈለኛል።

ጽጌ ተጀምሯል። እንዴት ነህ? ይህን ስታነብ ምን ላይ እንደምትሆን አላውቅም። የመልስህን ቀን አልቆጥርም እላለሁ፤ እቆጥራለሁ።

እየሩስ


ጥቅምት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ከቤቴ

እየሩስ እህቴ፣ ሰላምታውን በሙሉ እንደጻፍኩልሽ ቁጠሪው፣ ጊዜ የለኝም፤

ዛሬ ይወስዱኛል። እንዲወስዱኝ ምንም ምክንያት የለም። የሆነውን ስሚና አንቺው ፍረጅ።

ሦስት ሳምንት ቃሌን ጠበቅሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተኛሁ። ከበሮው እስከ ቤቴ ይሰማል፤ ጆሮዬን በባና ሸፍኜ ተኛሁ። አራተኛው ሳምንት ላይ የሚመራው መሪጌታ ወድቆ እግሩ ወለም አለው። ቅኔ ማኅሌቱ ያለ መሪ ሊያድር ሆነ። የጠራኝ የለም፤ ራሴ ሄድኩ። አንድ ሌሊት ነው። አንድ ሌሊት ብቻ። ስገባ ዞር ብለው አዩኝና ቦታዬን ለቀቁልኝ። ቦታዬን ለቀቁልኝ፣ እየሩስ። ቄስ አስፋው በመቅደስ ስለነበሩ አላዩኝም።

ክኒኑን በዚያው ሰሞን ረሳሁት። ረሳሁት አልል፣ ተውኩት። ድምፄን ይይዝብኛል። ከተውኩት ወዲህ ድምፄ ተመልሷል፤ ጥርት ያለ ነው፤ ትሰሚው ነበር እኮ እዚያ ሆነሽ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ብዙ አልተኛሁም፤ ግን ያኛው ዓይነት አይደለም። ይኸኛው ልዩ ነው። ያኔ ታምሜ ነበር፤ አሁን ደስ ብሎኝ ነው። ለአዛለች ይህን ባስረዳት ታለቅሳለች። ነገር ባስረዳኋት ቁጥር ታለቅሳለች። ቁልፉን ከአንገቷ አንጠልጥላዋለች።

በኃይሉ ትናንት መጥቶ ፈረሱን ወሰደ። ሌባ አልኩት። ቀናተኛ አልኩት። አባትህም እርሻችንን ገፍቶ ነው የኖረው አልኩት፣ እሱም እውነት ነው። «ይሁን» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ድንጋይ ብትሰድቢ ይሻላል፣ ቢያንስ ያስተጋባል። ዛሬ በማለዳ በቅሎ ጭኖ መጣ፤ መሐል ሜዳ ከተማ ደርሰን አውቶቡስ ልንሳፈር። አልሄድም አልኩት። ልብሴንም አወለቅሁ፤ ራቁቱን የሆነ ሰው አይወስድም ብዬ። በሩ ላይ ተቀመጠና፣ «ይበርድሃል» አለኝ። ደግሞ፣ «ለእህትህ የምትጽፈው ካለህ ጻፍ፣ እጠብቃለሁ» አለኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ታምሜአለሁ ብዬ አላምንም። ይህን እወቂልኝ። እየጻፍኩም አላምንም። እነሱ ተሳስተዋል፤ ሲስተር ጌታነሽም ስታየኝ ትስቃለች፤ በኃይሉ በከንቱ መንገድ ደከመ ትላለች።

ግን ራቤል አቶ ታዲዮስ ቤት የተቀመጠውን ሰው አስታውሰዋለሁ። ዝናብ ያበሰበሰው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ቀርፋፋ ሰው ነበር። አሁን ሳስበው አልወደውም። ፈሪ ነበር። ዛሬ እዚህ ቢመጣ ዞር በል የምለው ሰው ነው። ነገር ግን መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ወዳጆ ነኝ ብሎ፣ በስሜ፣ ሰው ባለበት ተናግሯል። እምቢታዬ አይቆጠር ብሏል። ባወራሁ ቁጥር ይህ ቃል እየመጣ ይቆምብኛል። ልሽረው እችላለሁ፤ ማን ይከለክለኛል፣ በኃይሉን በአንድ እጄ እጥለዋለሁ። ከሻርኩት ግን የሻርኩት የእሱን ቃል ብቻ አይሆንም፤ የሚቀጥለው እኔም ቃል አይኖረውም። ሰው ያመነበትን ብቻ የሚፈጽም ከሆነ ዋስ ለምን ይጠራል?

ልብሴን ለብሻለሁ። አዛለች ጫማዬን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች፣ ፊቴን ሳታይ። ወሰንየለሽ ግን ታየኛለች።

ብዙ ነገር አለኝ፤ ስለ ዜማ ትምህርት ቤቱም ገና አልነገርኩሽም። አሁን ደግሞ መልኩ ሌላ ነው፤ ጓሳ ላይ ሳይሆን…

በኃይሉ ተነሣ። «ጨረስክ?» አለኝ።

«ገና ነኝ፤ ያላለቀ ነገር አለኝ» አልኩት።

«መንገድ ላይ ትነግረኛለህ» አለኝ።

መንገዱን ሙሉ እንደምናገር ያውቃል። እያወቀ ነው በቅሎውን የጫነው። ተነሥቻለሁ።

ወንድምሽ ወልደ ጻድቅ